ደህንነት ክፍል

ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ላኦስ

ለውድ አክስቴ ለወይዘሮ ጥሩነሽ፣
ወላይታ ሶዶ

የጌታ ሰላም ካንቺና ከቤትሽ አይለይ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የቅመም ሱቁስ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። ካንቺ ናፍቆትና ከዳጣሽ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ያን እሁድ ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም የተቋረጠው፤ የተሰጠን አምስት ደቂቃ አልቆ ነው። አሁን ደግሞ ጭራሽ ስልካችንን ሰብስበው ወሰዱት። ፎቶ ተነሥቶ ቦታው እንዳይታወቅ ነው አሉን። ደብዳቤ ግን አልከለከሉም፤ በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አለ ብለው አላሰቡም መሰለኝ። ሩዝና ጋዝ የሚያመጣልን ሾፌር ከተማ ወስዶ ፖስታ ቤት ያስገባልኛል። ያንቺም መልስ በፖስታው ጀርባ በጻፍኩት የሱቅ አድራሻ በእሱ በኩል ይደርሰኛል።

“ማዕድን ማለት ወርቅ ነው የምትቆፍሩት?” ብለሽ ጠይቀሽኝ፣ እኔም “ኧረ እኔ ደህንነት ክፍል ነኝ” ስልሽ ነበር የተቋረጠው። ስለዚህ ከዚያ ልቀጥል።

ስሙ ማዕድን ማውጣት ይባል እንጂ አካፋም ጉድጓድም የለም። ከግድቡ በታች ረጃጅም የብረት ኮንቴይነሮች ተደርድረዋል፤ ውስጣቸው ቀን ከሌት የሚጮኹ ማሽኖች ናቸው። የእድራችሁን መዝገብ አስቢው። መዝገቡ ጸሐፊው ቤት ከሚቀመጥ ይልቅ ግልባጩ በየአባሉ ቤት ቢኖር፣ አንዱ ለሌላው ገንዘብ ባስተላለፈ ቁጥር ሁሉም ላይ ቢጻፍ፣ ይሄ የኮምፒውተር ገንዘብ እንደዚያ ነው። አዲስ ገጽ የሚጨምረው ግን የለፋ ብቻ ነው። ማሽኖቹ አንድ ቁጥር ለማግኘት ይሽቀዳደማሉ። ቀድሞ ያገኘው ገጹን ይጽፋል፤ ለድካሙም አዲስ የተፈጠረ ገንዘብ ይሰጠዋል፣ እሱን ሽልማት ይሉታል። በዚያ ላይ ገንዘብ የሚያስተላልፉት ሰዎች እየቆነጠሩ የሚከፍሉት ክፍያ አለ።

ልፋቱ ለምን አስፈለገ ትዪኝ ይሆናል። የድሮ ገጽ ቀዶ በሐሰት ሊተካ የሚፈልግ ሰው የሌሎቹን ሁሉ ልፋት ብቻውን እንደገና መልፋት አለበት። ያ ስለማያዋጣው አይሞክረውም። መዝገቡን የሚጠብቀው ቁልፍ ሳይሆን ልፋት ነው፤ ልፋቱን የሚያመጣው ደግሞ ሽልማቱና ክፍያው። የእኔ ሥራ ከዓለሙ ሁሉ ልፋት የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ በስክሪን መከታተልና የሚያጭበረብር ካየሁ መናገር ነው። ደህንነት ክፍል የሚሉት ይሄንን ነው።

ጥር ላይ ሽልማቱ በግማሽ ይቀንሳል። በየአራት ዓመቱ እንዲቀንስ የገንዘቡ ሕግ ያዛል። የእኛም ደሞዝ ከዚያው ስለሚወጣ የቤቱን ክዳን ማስቀየሪያ ትንሽ ባዘገይብሽ አትዘኚብኝ። ጩማ የሚባል የሃላሌ ልጅ አብሮኝ አለ፤ እሱ ሰላም ይልሻል። ሲናፍቀን በወላይትኛ እንጨቃጨቃለን።

ጸሎትሽ አይለየኝ።
ልጅሽ ደግፌ


ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
ወላይታ ሶዶ

ለልጄ ለደግፌ፣

ጌታ ወጥተህ በገባህበት ሁሉ ይጠብቅህ፣ በባዕድ አገር ፊትህን ያብራልህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ያጉረመርማል፣ እኔም አጉረመርምበታለሁ፤ እንዲህ ተቻችለን እንኖራለን።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። መዝገቡ፣ ልፋቱ፣ ሽልማቱ፣ የሚያጭበረብረውን መከታተሉ፣ ሁሉም ገብቶኛል። ከስምንተኛ ክፍል አቋረጥኩ እንጂ ጅል አይደለሁም። ደብዳቤ እንደሚከፈት አውቃለሁ፤ ደህንነት ውስጥ የሚሠራ ሰውም ሥራውን አፍረጥርጦ አይጽፍም። ጥሩ አድርገህ ነው የሸፈንከው። ብቻ ማሽን ቁጥር ገምቶ ገንዘብ ይፈጥራል ያልከውን ሕፃን እንኳ ስለማያምንህ ሌላ ጊዜ ለወጥ አድርገው።

እኔ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለቤቴል ብቻ ነው የነገርኳት። እሷ ደግሞ እንደምታውቀው ከሱቄ ጎን ጸጉር ቤት አላት።

አሁን ደስ የሚልህን ልንገርህ። ያ አቶ ሶርሳ አጥሩን ወደ እኔ ግቢ ገፍቶ ሦስት እንሰቴን የበላው፣ ሽማግሌ ልኬበት፣ ቄሱም ፓስተሩም ለምነውት እምቢ ያለው ሰውዬ፣ ባለፈው ሳምንት ራሱ መዶሻ ይዞ መጥቶ አጥሩን ነቅሎ ወደ ቦታው መለሰው። “እህቴ ጥሩነሽ፣ ሠራተኛው ተሳስቶ ነው” አለኝ። እኔም እግዚአብሔር ይስጥህ አልኩት እንጂ ምን አስታወሰህ አላልኩትም። አንተ እዚያ ሆነህ እዚህ አጥር ታስነቅላለህ።

ደግሞ ዓመለወርቅ መጣች፤ ከታች በኩል ያለችው ጎረቤታችን። ልጇ ታምራት በሞያሌ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብሎ ከወጣ ድምፁን ሰምታ አታውቅም። “የእናንተ ልጅ እዚያ ቤት ካለ፣ ደህንነት የማያውቀው ነገር የለም፣ የት እንደደረሰ ይጠይቅልኝ” ብላ እግሬ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። እጽፍለታለሁ አልኳት። ስላልኳት ይኸው ጻፍኩልህ።

ደሞዝ ይቀንሳል ያልከውን በተመለከተ፣ አለቆችህን ምከራቸው። አምና የእኛን መደዳ የሱቅ ዘበኞች ደሞዝ በግማሽ ቀነስን፤ ገበያው ቀዝቅዞ ነበር። ሦስቱ ጥለው ሄዱ። የቀረው አንዱ የሁላችንንም ቁልፍ ያዘ። ከዚያ ወዲያ ሌባ መፍራቱን ትተን እሱን መፍራት ጀመርን፤ ጠዋት ሱቄን ስከፍት መጀመሪያ የማየው የእሱን ፊት ነው።

ክዳኑ አይቸኩልም። በጸሎት አለሁልህ።
አክስትህ ጥሩነሽ


የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.
ላኦስ

ለውድ አክስቴ፣

በጌታ ስም ሰላም እልሻለሁ። ሰላምታዬ ዛሬ አጭር ነው፤ ይሄን የምጽፈው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆሜ ነው። ሾፌሩ በባዶ የሩዝ ከረጢት ጠቅልሎ ያወጣዋል።

የዘበኞቹን ነገር ስትጽፊ እየቀለድሽ ነበር። እዚህ የሆነው ግን ያው ነው። ጥር ላይ ሽልማቱ በግማሽ ወረደ። ይሄ ገንዘብ ደግሞ ትልልቆቹ እንደሚታወቁት የሚታወቅ አይደለም፤ የሚያስተላልፈው ሰው ጥቂት ስለሆነ ክፍያው የጎደለውን አልሞላም። መብራት የሚወደድባቸው አገሮች ያሉት ማሽናቸውን አጠፉ። እኔ ከስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ሲወጡ አያለሁ። የእኛ አለቃ ግን አላጠፋም፤ የወጡትን ሰዎች ማሽን በርካሽ እየገዛ ጨመረ። አንድ ቀን ጠዋት የእኛ ድርሻ ከግማሽ አለፈ። አንድ ሰው ከግማሽ ሲያልፍ መጮህ የእኔ ሥራ ነው፤ ሮጬ ሄጄ ነገርኩት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ “ስጠብቀው የነበረው ይሄንን ነው” አለኝ።

በማግሥቱ ማሽኖቹን ከዓለሙ ነጥለን የራሳችንን ገጾች በድብቅ እንድንጽፍ አዘዘን። እኛ ስንጽፍ እሱ በአደባባዩ መዝገብ ላይ ብዙ ገንዘብ ሸጦ ዶላር ተቀበለ። ከዚያ የእኛን መዝገብ ልቀቁት አለ። ደንቡ ብዙ ልፋት ያለበትን መዝገብ እመኑ ስለሚል ሁሉም የእኛን ተቀበለ፤ ሽያጩ የተጻፈበት ገጽ እንዳልነበረ ሆነ። ዶላሩም የሸጠው ገንዘብም እሱ ዘንድ ቀረ። ትእዛዙን ኮምፒውተሩ ላይ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያደረግሁት የገባኝ ጩማ “ይሄማ ሰረቅን እኮ” ሲለኝ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የግቢው በር አልተከፈተልንም። ፓስፖርታችን አለቃው ጋ ነው። ጩማ ልሂድ ብሎ ቢጠይቅ “ያየኸውን ይዘህ ወዴት?” አሉት። አክስቴ፣ ፈርቻለሁ። እንዲህ ብዬ ጽፌልሽ አላውቅም።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ቀበሌ ሂጂና ደግፌ የሚባል ልጄ፣ ከእሱም ጋር ጩማ የሚባል የሃላሌ ልጅ፣ በዚህ አገር ከፈቃዳቸው ውጭ ተይዘዋል የሚል ወረቀት አጽፊ። ከልጅነቴ የሚያውቁኝ ሦስት ምስክሮች ይፈርሙበት፣ ማኅተም ይደረግበት። ከዚያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ይግባ፤ እነሱ እዚህ አካባቢ ላለው ኤምባሲ ያስተላልፉታል። አለቃው በስማችን ተጠርተን መጠየቃችንን ይፈራል፤ ሌላ የሚፈራው ነገር የለም። ገንዘብ እንዳትልኪ። እዚህ ግቢ ውስጥ ገንዘብ ምንም አይከፍትም።

ልጅሽ ደግፌ


መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
ወላይታ ሶዶ

ለልጄ ለደግፌ፣

አንበሳ ጉድጓድ ውስጥ የገባውን ዳንኤልን ያወጣ ጌታ አንተንም ያውጣህ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ወዲህ ምግብ አይወርድልኝም። ስለ መዝገቡና ስለ ገጹ የጻፍከውን አልመረምርም፤ የመንግሥት ሥራ ነው፣ የታዘዝከውን አድርገሃል። በር ተቆልፎብኛል ያልከውን ግን ያለ አስተርጓሚ ገብቶኛል።

በነጋታው በባጃጅ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊዋ መስከረም የምትባል ደህና ልጅ ናት፤ ወረቀቱን አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ስምህን ጻፈች፣ የእናትህን ስም ጻፈች። ከዚያ “ሥራው ምንድን ነው?” አለች።

“ደህንነት” አልኳት።

“የምን ደህንነት፣ እማማ?”

“የምን ይመስልሻል?”

እስክሪብቶዋን ከደነችና ወደ ውስጥ ገባች። ሊቀ መንበሩ ራሱ ወጣ። ወንበር ሰጡኝ፣ ሻይ አዘዙልኝ፣ ማኅተሙን ብቻ ከለከሉኝ። “እማማ፣ ይሄ ከእኛ በላይ ነው” አለኝ በወላይትኛ፣ ዝቅ ብሎ። “እንዲህ ያለ ሰው ቢታሰር የራሱ መሥሪያ ቤት ነው የሚያውቀው። እኛ ማኅተም አድርገንበት ነገ ስሙን ማን አወጣው ብንባል ምን እንመልሳለን? ባይሆን እርስዎም ዝም ይበሉ።” እስከ በሩ ሸኘኝ።

እንግዲህ ምን ልበልህ፣ አንድ ፊቴ አለቀሰ፣ አንድ ፊቴ ኮራ። ስምህን ሲሰሙ ቀጥ ብለው ነው የቆሙት። ደህንነት ውስጥ በመሥራትህ ከተማው ሁሉ ይፈራሃል። ይሄ ሁሉ ሰው የሚፈራው መሥሪያ ቤት የራሱን ልጅ እንዴት እዚያ ይተዋል? ለትልልቆቹ አለቆችህ መልእክት የምትልክበት መንገድ የለህም? ለማን እንደምነግርልህ ስም ጻፍልኝ፤ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ በሩ ላይ እተኛለሁ።

ዓመለወርቅ ዛሬም መጥታ ነበር። ስለ ታምራት የሰማኸው ካለ አንድ መስመር ጣል አድርግላት። ቅቤ ይዛ መጣች፤ አልወስድም ብላት ጥላው ሄደች።

ያንተው ጥሩነሽ


ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ላኦስ

ለአክስቴ ለወይዘሮ ጥሩነሽ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። አክስቴ፣ እኔ ሰላይ አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም። ያለኝ አለቃ አንድ ነው፣ በሩን የቆለፈብኝ እሱ ነው።

ደብዳቤሽን ለጩማ ሳነብለት መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ አልሳቅሁም። ተናድጄብሽ ነበር፣ አልደብቅሽም። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ያን እሁድ በወላይትኛ እያወራን ያቺን አንድ ቃል በአማርኛ ጣል ያደረግኋት እኔ ነኝ። ደህንነት ስል የማሽኖቹንና የመዝገቡን ጥበቃ ማለቴ ነበር። አንቺ ጋ ስትደርስ መሥሪያ ቤት ሆነች። ቀጥሎ የጻፍኩልሽ ሁሉ፣ ሽልማቱም፣ ክፍያውም፣ ከግማሽ ማለፉም፣ ቃል በቃል እውነት ነው። ምሥጢራዊ ጽሑፍ የለበትም። ማሽኖች ቁጥር ይፈልጋሉ። በቃ።

አሁን ነገሩ ብሷል። መዝገቡ መነካቱ ሲሰማ ሰው ገንዘቡን ጥሎ ሸሸ። የሚያስተላልፍ ስለጠፋ ክፍያ ጠፋ፤ ገንዘቡም ዋጋ ስላጣ ሽልማቱ ዋጋ አጣ። ጠባቂው የሚጠብቀውን ነገር ሰርቆ ገደለው ማለት ነው። አለቃው ማሽኖቹን እየሸጠ ነው፣ ኮንቴይነሮቹ አንድ በአንድ ጸጥ እያሉ ነው። ያ ጩኸት እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ እየጮኸ ሳለ ቢያንስ ለሆነ ነገር እንደምንፈለግ እናውቅ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ፣ በነሐሴ፣ እኛን ወንዙን አሻግሮ ወደ ሌላ ግቢ ሊወስደን ነው ይላሉ። እዚያ ከገባን አድራሻችንን የሚያውቅ አይኖርም፣ ይሄ ሾፌርም አይመጣም።

ስለዚህ ወደ ቀበሌው ተመለሺ። ለመስከረምም፣ ለሊቀ መንበሩም፣ ለአቶ ሶርሳም፣ ለዓመለወርቅም እውነቱን ንገሪ። ምስክር ሊሆኑኝ የሚችሉት እነሱው ናቸው፤ አጥራቸውን ዘልዬ ከጓሯቸው ቦዬ እየቆፈርኩ ስሰርቅ ያሳደጉኝ እነሱ ናቸው። ለዓመለወርቅ ስለ ታምራት ምንም እንደማላውቅ ንገሪያት። ተስፋ ስለሰጠናት ይቅር በዪኝ በዪልኝ። እንደምታፍሪ አውቃለሁ። እኔን ከወደድሽኝ እፈሪ።

ደግፌ


ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ወላይታ ሶዶ

ለልጄ ለደግፌ፣

ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ አንተም ይቅር በለኝ። ደብዳቤህን ሱቅ ውስጥ ቆሜ አንብቤ በርበሬው መሃል ተቀመጥኩ።

አውቄ ነበር ልበልህ? ሙሉ በሙሉ አላውቅም ነበር። ግን ገና ከመጀመሪያው ሰዉ ሲሸሽልኝ ደስ ብሎኝ ነበርና መጠየቅ አልፈለግሁም። መበለት ከሆንኩ ጀምሮ የሚፈራኝ ሰው አልነበረም። ደግሞ ብታውቅ፣ መፈራቱም ብዙ አልጣመኝ። ሱቄ ስመጣ ወሬ ይቆማል፣ ቤተ ክርስቲያን ከአጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል፣ የሚጠሉኝ ሁሉ በፈገግታ ሰላም ይሉኛል። ከዚያ እንዴት እንደምወጣ አላውቅበትም ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት ቤቴል ጸጉር ቤት ነው። ካስኩ ሥር ለተቀመጡት ሴቶች ሁሉ እንዲሰማ “ደግፌ ደህንነት አይደለም፣ የማሽን ሠራተኛ ነው፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት” አልኩ። ከሰዓት በኋላ የሶዶ መርካቶም ኦቶና ሰፈርም ሰምቷል።

ከዚያ አቶ ሶርሳ ዘንድ ሄድኩ። ቁጭ ብሎ ሰማኝ። “ታዲያ ያ አጥር?” አለ። “አጥሩን መልሰህ ውሰደው፣ ፊርማህን ስጠኝ” አልኩት። ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ ግን መሬት ይወዳል። ችካሉን እኔው ራሴ ነቀልኩለት። ሦስቱም እንሰቶች ወደ እሱ ገቡ። ከዚያ ፈረመ፤ ሲፈርም “ልጁን ግን ጌታ ያውጣው” አለ፣ ከልቡ ነው ያለው።

ከባዱ ዓመለወርቅ ናት። ስነግራት አልጮኸችም። “ስድስት ወር ጠብቂ ስትዪኝ ጠበቅሁ” አለች። “ማታ ማታ ለመድኃኔ ዓለም ስጸልይ የደግፌን ስም ከታምራት አስቀድሜ ነበር የምጠራው፣ እሱ ይፈልግልኛል ብዬ።” ነጠላዋን ለብሳ እስከ ቀበሌ አብራኝ መጣች፣ ፈረመች፣ ተመልሳ ስትሄድ በሌላ መንገድ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ሦስተኛው ያስተማረህ ጋሼ ቦልቴ ናቸው።

ሊቀ መንበሩ በዚህኛው ጊዜ ሻይ አላዘዘልኝም። “እማማ፣ ቀልድ ነው የያዙት?” ብሎ ተቆጣኝ። ቢሆንም ማኅተሙን መታ። አንድ መስመር ግን ካልገባ ብሎ ድርቅ አለ፦ “ግለሰቡ ተራ የማሽን ሠራተኛ ሲሆን ከማንኛውም የመንግሥት ደህንነት አካል ጋር ግንኙነት የለውም።” መስከረም ከሥሩ አሰመረችበት። እኔም ደስ አለኝ፤ ከእንግዲህ ማንም እንዳይሳሳት።

ዋናውን ወረቀት ቤቴል አዲስ አበባ ወስዳ ውጭ ጉዳይ አስገብታለች፤ “ተመልሳችሁ ጠይቁ” ብለዋታል። አንዱን ደግሞ በእንግሊዝኛ አስተርጉሜ፣ ማኅተም አስደርጌ በዚህ ፖስታ ውስጥ ከተትኩልህ። እዚያ የሚጠይቅህ ሰው ቢኖር ግራ እንዳይጋባ አሳየው። ፖስታውም ላይ የቀበሌውን ማኅተም አስመታሁበት፣ መንገድ ላይ እንዲከበር።

ሳሮ፣ በሰላም ያግባህ ልጄ። ቤቱ ክዳን አያስፈልገውም፤ አንተ ና።
አክስትህ ጥሩነሽ


ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ላኦስ

ለምወድሽ አክስቴ፣

የሰማይ አምላክ ስሙ ይባረክ፣ አንቺንም ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ይሄን ደብዳቤ የምጽፈው በአለቃው ጠረጴዛ ላይ፣ በአለቃው እስክሪብቶ ነው። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው ሳምንት መኝታችንን ሲፈትሹ የመጋቢቱን ደብዳቤሽን ከፍራሼ ሥር አገኙት። በቃ አለቀልኝ ብዬ ነበር። አለቃው በስልኩ ፎቶ አንሥቶ አስተረጎመው። ከዚያ አስጠራኝ። ስልኩን አዙሮ አሳየኝ፤ በእንግሊዝኛ የወጣው “በስለላ ድርጅት ውስጥ በመሥራትህ ከተማው ሁሉ ይፈራሃል፤ ባለሥልጣኖቹ ስምህን ሲሰሙ ቀጥ ብለው ይቆማሉ” ይላል። ሰውዬው ላብ በላብ ሆኗል። “ለምንድን ነው ያልነገርከኝ?” አለኝ።

አክስቴ፣ አፌን ከፍቼ “ስህተት ነው” ልል ነበር። አላልኩም። ዝም ብዬ አየሁት። ዝምታዬን ከቃል በላይ አመነው። ባንቺ እንዴት ተናድጄ እንደነበር አስታወስኩና አፈርኩ፤ ሰው ሲፈራሽ ማስተባበል እንዴት እንደሚያስቸግር አሁን ገባኝ። ያን ሁሉ ጊዜ አሰቃየኝ ያልኩት ቃል ለካ በሩን ሊከፍትልኝ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበር ይሰጠኛል፤ እኔ የምጽፈውንም አይነካም። ስለዚያ ስርቆት መንግሥታችን ምን ያህል እንደሚያውቅ በዘዴ ይጠይቀኛል፣ እኔም በዘዴ አልመልስም። ጩማ ረዳቴ ነው ብዬዋለሁ። ጩማ ሳቁን መያዝ ስለማይችል አለቃው ሲገባ ይወጣል። ቅዳሜ ፓስፖርታችንን ሰጥቶ በራሱ መኪና አውሮፕላን ጣቢያ ሊያደርሰን ቃል ገብቷል። የሚፈልገው በሰላም ሄደን በሰላም እንድንረሳው ነው።

አሁን፣ ይሄ ከቅዳሜ በፊት እንደማይደርስሽ ባውቅም፣ በእግዚአብሔር ስም የምለምንሽን ስሚኝ። በግንቦት ለሰው ሁሉ እውነቱን ንገሪ ብዬ ጽፌልሽ ነበር። እሱን ተይው። ቀበሌም አትሂጂ፣ ለማንም አታስተባብዪ፣ ቅዳሜ እስኪያልፍ ብቻ ደህንነት ሆኜ ልቆይ። ደግሞ አውቅሻለሁ፤ እንዲህ ቶሎ ቃልሽን የምታጥፊ ሴት አይደለሽም። አቶ ሶርሳ ፊት ቆመሽ “ተሳስቻለሁ” ስትዪ በዓይነ ኅሊናዬ ሊመጣልኝ አልቻለም። አንዳንድ ጊዜ ግትርነትሽን ለፈጠረ ጌታ ምስጋና ይግባው።

አለቃው ቀረኝ የሚለው አንድ ጥርጣሬ ነው፤ ከአገር ቤት የመጣ አንድ ማኅተም ያለበት ወረቀት ባይ ልቤ ያርፍ ነበር ብሎ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሾፌሩ ሲመጣ ሱቁ ጋ ከሶዶ የተላከ ፖስታ ደርሶልሃል አለኝ፤ ፖስታው ላይ ትልቅ ክብ የመንግሥት ማኅተም አለበትና ሳይጠይቅ ለማምጣት ፈርቷል። አለቃው ከእኔ በላይ ደስ አለው። “ሐሙስ አምጣው፣ እዚሁ አብረን እንከፍተዋለን” ብሎ አዞታል።

ምን እንደጻፍሽልኝ አላውቅም። እንደ መጋቢቱ ያለ ከሆነ ግን፣ አክስቴ፣ የፈለግሽውን ያህል ኮርተሽ ጽፈሽ ይሁን። ጩማ ልብሱን አጥቦ አስጥቷል። እኔ ሐሙስን እየጠበቅሁ ነው።

ልጅሽ ደግፌ